ሰማያዊ የበረሃ አበባ በሐይቅ ጓሮ፦ ምን እንዝራ? ዘሩንስ ከየት እናምጣ?



 ርእሴ የጓሮ አበባ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ስለ ጓሮ አበባ ለመናገር በአደባባይ መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ግቢው በሐይቅ ከተማ ዳርቻ ወይም በአምባሰል ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ሰው በግቢው የሚዘራው ዘር የግል ምርጫው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከተማሪዎች ነው። ዝናቡ እምነት የማይጣልበት ሆኗል፤ የቧንቧ ውሃም ለአበባ አይተርፍም፤ እንግዲያውስ ውሃ የማይፈልገውን፣ በሥዕል የምናየውን ሰማያዊ የበረሃ አበባ ለምን አናለማም? የሚል ነው። መልካም ጥያቄ ነው፤ በውስጡም ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ይህ ተክል ምንድን ነው? በእኛ አገር ይበቅላል ወይ? ቢበቅልስ መዝራት ይገባናል ወይ? በቅደም ተከተል እንያቸው።

ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ፋሴሊያ ካምፓኑላሪያ ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡባዊ ካሊፎርኒያ፣ የሞሃቬና የሶኖራ በረሃዎች ናቸው። ቁመቱ ከስንዝር እስከ ክንድ ያልበለጠ፣ የአንድ ወቅት ተክል ነው። አበባው የደወል ቅርጽ ያለውና እጅግ የጠለቀ ሰማያዊ ሲሆን፣ ከመካከሉ ወንዴ ዘንጎቹ ረዝመው ይወጣሉ። ቅጠሉና ግንዱ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈኑ ናቸው፤ ይህ ፀጉር የአንዳንድ ሰውን ቆዳ ሲነካ ሽፍታና ማሳከክ ያስከትላል። ሥዕሉ ይህን አይናገርም።

የበረሃ ተክል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ቁልቋል ውሃ አጠራቅሞ ድርቅን የሚታገሠውን ነው። ፋሴሊያ ግን ድርቅን አይታገሥም፤ ይሸሸዋል። በዘር መልክ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብን ይጠብቃል፤ በቂ ዝናብ በቀዝቃዛው ወራት ሲወርድ ፈጥኖ ይበቅላል፤ ያብባል፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። እንግዲህ ዕድሜው ሳምንታት ነው፤ ትዕግሥቱ ያለው በዘሩ ውስጥ ነው። ይህን የተረዳ አትክልተኛ እንዴት እንደሚያለማው ግማሹን አወቀ ማለት ነው። የፋሴሊያ ዘር ጨለማን ስለሚመርጥ ስስ አፈር ሊለብስ ይገባዋል። ሥሩ መነካትን ስለማይወድ በችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይስማማውም፤ በቋሚ ቦታው መዝራት ይሻላል። አፈሩ ጠጠርና አሸዋ የበዛበት፣ ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ፍግ ከበዛበት ደግሞ ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባው አያምርም።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ልበል፤ ሰማያዊ በአበባ ዓለም ብርቅ ነውና። ለብዙ አበቦች ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው። አንድ ዓይነት አንቶሲያኒን በሴሉ ፈሳሽ አሲዳማነት፣ አብረውት በሚገኙ የብረት ነክ ንጥረ ነገሮችና አጋር ውሁዶች ምክንያት ቀይም ሰማያዊም ሊሆን ይችላል። ተክል ጥርት ያለ ሰማያዊ ለማውጣት እነዚህን ሁሉ ማስተካከል አለበት። ንብ ሰማያዊን አጥርታ ታያለች፤ ቀይን ግን እንደ እኛ አትለየውም። ስለዚህ ሰማያዊ አበባ ያለበት ጓሮ ቀፎ ለሰቀለ ሰውም ጥቅም አለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር፤ በሐይቅ ይበቅላል ወይ? ሐይቁ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዝናባችን በበልግና በክረምት የሚከፈል ሲሆን፣ በዓመት ሲደመር ከበረሃው ዝናብ ብዙ እጥፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የተዘራ ፋሴሊያ ሥሩ በስብሶ እንደሚሞት መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አፈሩም የተረፈ እርጥበት ያለው ይሆናል። ይህ ጊዜ ከበረሃው ክረምት ጋር ይመሳሰላል። በድንጋይ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ፣ በጠጠራማ አፈር ላይ ቢዘራ፣ በታኅሣሥና በጥር ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ "አዎን፣ ይበቅል ይሆናል" የሚል ነው።

የዛሬው ንግግሬ ክብደት ግን ያለው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

የሐይቅን ተፈጥሮ አስቡ። ሐይቁ ከሐርዲቦ በኩል የሚመጣውን የአንከርካን ወንዝና የዙሪያውን ተዳፋት ጎርፍ ይቀበላል፤ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ ግን የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ በዚያው ይቀራል። ታሪኩም ይህን ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ዓሣ እንጀራውን አግኝቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1969 በተደረገ ልኬት የሐይቁ ውሃ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ ዓሣው ከገባ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ጥራት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ ለውጥ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ የዓሣው መግባት ነው። ነገሩን የማነሣው ቆሮሶን ለመክሰስ አይደለም። በዝግ ተፋሰስ ውስጥ አንድ እንግዳ ፍጥረት ከገባ በኋላ "እንመልሰው" ማለት እንደማይቻል ለማሳየት ነው።

ሌላው ምሳሌ ራሱ አበባ ነው። እምቦጭን ዛሬ የምናውቀው የጣናን ዳርቻ የወረረ አረም ሆኖ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን እንዲዞር ያደረገው ግን ውበቱ ነበር፤ ሰማያዊ ጥላ ያለው ሐምራዊ አበባው የኩሬና የአትክልት ቦታ ጌጥ ተብሎ ከአገር ወደ አገር ተወሰደ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው፣ መንግሥት በማሽን ሲያጭደው ኖሯል።

በሐቅ ለመናገር፣ ፋሴሊያ እምቦጭ አይደለም። የውሃ ተክል አይደለም፤ ክረምታችንም ሊገታው ይችላል። "አንድ ጭብጥ የአበባ ዘር ምን ያመጣል?" የሚለኝ ባልደረባ ቢኖር ክርክሩ ሚዛን አለው። ምናልባትም ምንም አያመጣ ይሆናል። ሆኖም ሚዛኑ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ነገሮች እኩል አይደሉም። በአንዱ በኩል ያለው የአንድ ወቅት ውበት ነው፤ በሌላው በኩል ያለው፣ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ከደረሰ የማይመለስ ጉዳት ነው። በዚያ ላይ ዘሩ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ምቹ ጊዜን መጠበቅ የሚችል ተክል ነው። ዘንድሮ አለመታየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ባሕር ማዶ የሚኖር የእኅቴ ልጅ የዚህን አበባ ዘር በፖስታ ልላክልህ ብሎኝ ነበር። እንዳይልክ ነገርሁት። ከውጭ የሚገባ ዘር የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው እንደሚገባ የአገራችን የኳራንቲን ሕግ ያዛል፤ ይህን ለተማሪ እያስተማሩ በጓሮ መጣስ አይቻልም። እርሱም "ታዲያ እዚያ ሰማያዊ አበባ የለም?" ሲል ጠየቀኝ። የእኛ አበው "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። መልሱን በዝርዝር ላቅርብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ተልባን እጠራለሁ። በሐይቅ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የሚሸጠው ያው ተልባ፣ አምስት ቅጠል ያለው ጥርት ሰማያዊ አበባ ያወጣል። አበባው በማለዳ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ይረግፋል፤ በማግሥቱ ሌላው ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማእከሎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል፤ ተልባም ከእነዚያ ሰብሎች አንዱ ነው። እኛ ተልባን በምጣድና በሙቀጫ እንጂ በአበባ መደብ አናውቀውም።

ሁለተኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። ለበርበሬና ለዳቦ የምንፈልገው ይህ ተክል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባና እንደ ክር የቀጠነ ቅጠል አለው። የቅርብ ዘመዱን አውሮፓውያን ለውበቱ ብቻ ብለው በአትክልት ቦታቸው ሲዘሩት ኖረዋል። ሦስተኛው በየአጥሩ ሥር ሳይዘሩት የሚበቅለው ውሃ አንቁር ነው። ገበሬ አረም ብሎ ቢነቅለውም፣ የአበባውን ሰማያዊነት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አይንቀውም። አራተኛው በከፍተኛ ቦታዎቻችን የሚበቅለው፣ ሳይንስ ዴልፊኒየም ዌልቢዪ የሚለው የዱር አበባ ነው። ውሃ ሰማያዊ ቀለምና መልካም መዓዛ አለው፤ በአውሮፓ ዘሩን የሚሸጡ አሉ። እንግዲህ እኛ የካሊፎርኒያን ዘር ስንመኝ፣ ሌሎች የእኛን ይዘራሉ። የዴልፊኒየም ወገን በጠቅላላው መርዛማ ስለሆነ ግን ሕፃናትና ከብት በሚደርሱበት ቦታ አይመከርም።

አምስተኛውን ለይቼ ያቆየሁት በምክንያት ነው፤ እርሱም ጓያ ነው። በአገራችን የሚዘራው ጓያ በአብዛኛው ሰማያዊ አበባ ያለው ሲሆን፣ ክረምት ሲወጣ በዋልካ መሬት ላይ በተረፈ እርጥበት ብቻ ያድጋል። ከሰብሎቻችን ሁሉ የበረሃውን አበባ ጠባይ የሚቀርበው እርሱ ነው። ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ የተረፈው ግን ዕዳ ይዞ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር፣ ሰው ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት ሲበላ የማይድን የእግር ሽባነት ያስከትላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከደረሰው ድርቅ በኋላ በዚሁ በወሎ፣ በደላንታ፣ ብዙ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ተጎድተዋል። ተክሉ በድርቅ ሲጨነቅ የኦዳፑ መጠን ሊጨምር መቻሉ ነገሩን የከፋ ያደርገዋል።

ጓያን ያነሣሁት ለአበባ መደብ ላቀርበው አይደለም። የአንድን ተክል ጠባይ ማወቅ ምን ያህል ጊዜና ዋጋ እንደሚጠይቅ ስለሚያሳይ ነው። ገበሬው ጓያን ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከእህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን እንደሚቀንስ ልምዱና ጥናቱ ይስማማሉ። ይህን ያህል በምናውቀው ተክል እንኳ ይህን ያህል ሰው ከተጎዳ፣ ከሥዕሉ በቀር የማናውቀውን ተክል በሐይቁ አፋፍ ለመበተን ምን አቻኮለን?

ጓሮውን ማሳመር ለሚፈልግ ሰው የማቀርበው ምክር አጭር ነው። እኔ በሐይቅ ባለችኝ ትንሽ ግቢ የምሠራውም ይህንኑ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጦ መደቡን በድንጋይ አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ፤ አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ማደባለቅ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተልባና ጥቁር አዝሙድ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መዝራት፤ እስኪበቅሉ ድረስ በየሁለት ቀኑ ማርከፍከፍ፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን መቀነስ። ተልባውን በሁለት ዙር፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት መዝራት የአበባውን ጊዜ ያራዝመዋል። ውሃ አንቁሩን ከዳር ዳር መተው ነው። በመጨረሻም ዘሩን ለቅሞ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ፤ ለጎረቤትም ማካፈል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት መደቡን የጎበኘ ሰው ንቦቹን በሥራ ላይ ያገኛቸዋል።

ለተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቅቋል፤ ስለዚህ የተክሎቻችን መዝገብ በእጃችን ነው። የሚጎድለው የዘር ባሕርያቸው ነው። ከአምባሰል ገደላ ገደሎች፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ከተጠበቀው ደን፣ ከየመንደሩ አጥር ሥር ያሉትን ሰማያዊ አበቦች መዝግቡ። የአካባቢው እናቶችና አባቶች የሚጠሩባቸውን ስሞች ጠይቁ። ለገዳሙ ይዞታ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ውሰዱ። ከዚያ በጨለማና በብርሃን፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ አብቅላችሁ ውጤቱን ጻፉ። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሳሕን፣ ጥጥ፣ ውሃና የማይሰለች ዓይን ይበቁታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የምትሉ ካላችሁ፣ ርእሱ ከበራችሁ ወጥታችሁ የምትረግጡት ነው።

 ጥያቄና ሙግት ካላችሁ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።