ልብና ልቡና፦ በመዲናዋ ዙሪያ መኪና ስለ መምረጥ



እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፖርሽ 959ና ፌራሪ ኤፍ40 ለገበያ ቀረቡ። የመጀመሪያው ኃይሉን ለአራቱም ጎማዎች በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ያከፋፍላል፤ ሁለተኛው ራዲዮ እንኳ የለውም። ከዚያ ወዲህ የመኪና ወዳጆች አንዱን የአእምሮ፣ ሌላውን የልብ ምርጫ እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ይህ ክርክር በእኛም ደጅ አለ፤ መኪኖቹ ግን ሌሎች ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ምርጫው አገር ውስጥ በቆየ ቶዮታ ኮሮላና በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መካከል ሆኗል። ሱሉልታ የሚኖር አንድ ወዳጄ የዓመታት ዕቁቡን ይዞ፣ «አእምሮዬ ኤሌክትሪኩን ግዛ ይለኛል፤ ልቤ ግን ከቶዮታ አልላቀቅ አለ» ሲል አማከረኝ።

እስቲ አእምሮው የሚለውን እንስማ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውም መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት ያቋርጣል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይሻ ከፍታው አይጎዳውም፤ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድም እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከጉልበቱ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል።

ልቡስ ምን ይላል? «የቶዮታን ሕመም የማያውቅ ጋራዥ የለም፤ መለዋወጫው አይጠፋም፤ ቢቸግረኝ ነገ እሸጠዋለሁ» ይላል። ልብ በሉ! ይህ የስሜት ቃል አይደለም፤ በብዙ ሰዎች ኪሳራና ትርፍ የተፈተነ ስሌት ነው።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልባም» ብልህ ነው፤ «ልቡና»ም ማስተዋል ነው። በአማርኛ ልብ ያስባል። እንግዲህ ወዳጄን ያስጨነቀው የስሜትና የአእምሮ ጠብ ሳይሆን የሁለት ዕውቀቶች ሙግት ነበር፤ አንደኛው ከቴክኒክ መግለጫ፣ ሁለተኛው ከኑሮ የተገኘ።

ዳኛው ደግሞ ቦታው ነው። ወዳጄ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ስላለው፣ ያን ዳገትም በየቀኑ ስለሚመላለስበት፣ ኤሌክትሪኩን እንዲገዛ መከርሁት። ቡራዩ ተከራይቶ፣ ቆጣሪ ከሦስት አባወራ ጋር ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ግን ያንኑ ምክር አልሰጥም፤ መኪናውን ሌሊት የት ይሰካዋል? ከሰበታ ተነሥቶ በየሳምንቱ ጅማ ለሚደርስ ነጋዴም ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ባትሪው መንገድ ላይ የት እንደሚሞላ ነው።

ተማሪዎቼ፣ የሰው ጥሪት በአንድ ግዢ ላይ ሲውል «በስሜት ነው የመረጠው» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ቤቱን፣ ቆጣሪውንና መንገዱን ጠይቁ። ልቡ የሚያውቀውን ገና አልቆጠርነው ይሆናል።