ከፍሬን ሸራ የሚነሳው ዱቄት

ከአዲስ አበባ የሚወጣ የጭነት መኪና ወደ ጅማ ከሆነ በሰበታ፣ ወደ አምቦና ነቀምት ከሆነ በቡራዩ፣ ወደ ጎጃም ከሆነ በሱሉልታ ያልፋል። ሲመለስም በዚያው ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ፣ ወይም የጊቤን ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ የጨረሰ መኪና ሸራው ተበልቶ ይደርሳል። በሦስቱም ከተሞች፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታው፣ ጋራዡና የመለዋወጫ ሱቁ ሥራ የማይፈታው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎማው ተፈቶ ታምቡሩ ሲወልቅ፣ ውስጡ ጥቁርና ግራጫ የሆነ ደቃቅ ዱቄት ተከማችቶ ይገኛል። "አንተ ልጅ፣ ንፋው!" ይላል ዋናው መካኒክ። ሙያ ለመልመድ የገባው ጎረምሳ "እሺ ጋሼ" ብሎ የኮምፕሬሰሩን ጎማ ይስባል። ዱቄቱ ቡን ይላል፤ ፊቱን፣ ቱታውን፣ አጠገባቸው ቡና የምታፈላውን ሴት ስኒ ሳይቀር ያለብሳል። ነገሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያ ዱቄት ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ሊኖር ይችላል። ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ አምራቾች ትተውታል። ሆኖም የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ ለአብዛኛው 20ኛ ክፍለ ዘመን የተሠሩት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የፍሬን ሸራ አምራቹን ፌሮዶን ያቋቋመው እንግሊዛዊ ኸርበርት ፍሩድ መነሻ ሐሳቡን ያገኘው ባለጋሪዎች ቁልቁለት ላይ አሮጌ ጫማ ከፍሬናቸው ጋር ሲያስሩ አይቶ ነው ይባላል። ቆዳና ጥጥ ሲግል ያራል፤ አስቤስቶስ ግን እሳት አይበላውም። ማዕድን ሆኖ ሳለ እንደ ቃጫ ይተረተራል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ በሞተር ጓርኒሲዮን፣ በእንፋሎት ቧንቧ መጠቅለያ፣ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆም በጣሪያ ክዳንና በውኃ ቧንቧ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ለሦስቱ ከተሞች ነዋሪ አንድ የሚያረጋጋ ነገር አለ። በአጠገባቸው ያሉት ወጨጫም ሆነ እንጦጦ እሳተ ገሞራ የሠራቸው ተራሮች ስለሆኑ አስቤስቶስ አይጠበቅባቸውም። አስቤስቶስ በብዛት የሚፈጠረው ሰርፐንቲን በሚባለው አረንጓዴና ለስላሳ ዐለት ውስጥ ሲሆን፣ በአገራችን የዚህ ዓይነት ዐለት የሚታወቀው እንደ ጉጂ አዶላና እንደ ወለጋ ዩብዶ ባሉ አካባቢዎች ነው። በቡራዩና በሱሉልታ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎችም አቧራ ይውጣሉ፤ የእነሱ ሥጋት ሲሊካ ነው፤ እሱም ሳንባ ይጎዳል፤ ግን ሌላ በሽታ ነው።

አስቤስቶስ በሳንባ ውስጥ የሚያደርገው ነገር የሚጀምረው ከቅርጹ ነው። ቃጫው በርዝመቱ እየተሰነጠቀ በዓይን የማይታይ መርፌ ይሆናል። ጀርም የሚውጠው የሰውነታችን ሕዋስ ሊውጠው ይሞክራል፤ ይረዝምበታል፤ ሕዋሱ ራሱ ይሞታል፤ ቦታው ይቆጣል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባ ይደድርና ትንፋሽ ያጥራል። የሳንባ ካንሰርም ይመጣል። ሜሶቴልዮማ የሚባለው፣ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ካንሰር ደግሞ ሰው አስቤስቶስ ከተነፈሰ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ በአስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ይገምታል።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የወጣው በዚሁ በአፍሪካ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 የሜሶቴልዮማ ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ልጅነታቸውን ሰማያዊው አስቤስቶስ በሚወጣበት አካባቢ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴቶችን አገኘ። የጋራዡ ጎረምሳ ማታ ቱታውን ይዞ ወደ ቤት ይሄዳል፤ የሚያጥቡለት እናቱ ወይም እህቱ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር የመካኒክ ሥጋት ከማዕድን ቆፋሪው ጋር አይወዳደርም። ፍሬን ሲያዝ በሚፈጠረው ሙቀት ሸራው ውስጥ ያለው ነጭ አስቤስቶስ፣ ክሪሶታይል የሚባለው፣ አብዛኛው ተለውጦ ቃጫነቱን ያጣል። ይበልጥ የሚያስፈራው አዲስ ሸራ በሪቤት ከተመታ በኋላ ከታምቡሩ ጋር እንዲገጥም በሞላ ሲፋቅ ነው፤ ያኔ የሚበተነው ቃጫ እሳት ያልነካው ነው። መካኒኩ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰርን ዕድል እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚያደርሱት እጅግ ያበዙታል።

ሌላው ችግር ሐኪም ቤት ነው። በአገራችን ሳል ሲሰነብት፣ በሳንባ ሽፋን ውኃ ሲቋጠር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ መጠርጠሩም ትክክል ነው። ሕክምናው ተወስዶ ለውጥ ሲታጣ ግን "ከ30 ዓመት በፊት ምን ትሠራ ነበር?" የሚለው ጥያቄ መነሳት አለበት። ሐኪሙ ባይጠይቅ ታማሚው ቢናገር ይበጃል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ኮምፕሬሰሩን ትቶ ታምቡሩን በሳሙና ውኃ ማራስ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን በፌስታል አስሮ መጣል፣ ቱታውን ጋራዥ ትቶ መሄድ። ጥንቃቄው ለጋራዥ ብቻ አይደለም፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ግንባታውም ፈረሳውም በዝቷል፤ የቆርቆሮ ክዳን አስቤስቶስ የለበትም፤ ነገር ግን ወፍራም፣ ግራጫ፣ ሲሰበር ጠርዙ ላይ ቃጫ የሚያሳይ አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን ከተገኘ በመጋዝ አይቆረጥም፣ አይከሰከስም። ውኃ አርከፍክፎ ሳይሰብሩ ማውረድ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ያለ ውል ሙያ ለመልመድ የገባው ልጅ ግን ይህ ጥበቃ እምብዛም አይደርሰውም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 አስቤስቶስን ከልክላለች። ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት አምስቱ የአስቤስቶስ ዓይነቶች ላኪው አገር የተቀባዩን ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠይቅ በሚያስገድደው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ስድስተኛው ክሪሶታይል ይግባ ቢባልም፣ ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት ስለሚፈልግ፣ አምራች አገሮች እየተቃወሙ ለዓመታት አላስገቡትም። ለፍሬን ሸራ የሚውለው ደግሞ በዋናነት እሱ ነው። ስለዚህ ሰበታ ላይ ሸራ የሚገዛ ሾፌር ካርቶኑ ላይ ከአስቤስቶስ ነጻ መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ ባለሱቁን ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ያልተጻፈበትን የገዛ መካኒክም ታምቡሩን ሳያርስ አይንካው።