ከዶማው በፊት ምርመራ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር





አገራችን መንገድ፥ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚጠላ ከመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን መሠረት የሚቈፈርበት መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም። የአክሱምን ነገር እንመልከት። በሐውልቶቹ አጠገብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 የመኪና ማቆሚያ ተሠራ። ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በወረራው ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ፥ ሊቃውንት ከመትከላቸው አስቀድመው የመሬቱን ውስጥ በኤሌክትሪክና በራዳር መሣሪያ መረመሩ። ያን ጊዜ ከመኪና ማቆሚያው ሥር ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። ለካ ያን ያህል ዘመን መኪና ሲቆምበት የኖረው ሜዳ የጥንት አባቶቻችን ማረፊያ ኖሯል!

ይሁን እንጂ ምርመራው ሥራውን አላስቀረውም። 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. በአገሩ መሬት ዳግመኛ ቆመ። እንግዲህ ልማትና ቅርስ ጠላቶች አይደሉም፤ የሚያጣላቸው መቅደም የሚገባው ሲዘገይ ነው።

ምርመራው መቅደም ያለበት ስለ ምንድን ነው? አንድ የጥንት ገንዘብ ከጉድጓድ ወጥቶ ለሙዚየም ቢሰጥ ገንዘብነቱ አይጠፋም። ነገር ግን ከየትኛው የአፈር ንብብር፥ ከምን ዕቃ ጋራ፥ ከየትኛው ግድግዳ ሥር እንደ ተገኘ ካልተጻፈ የቦታውን ዘመን ሊነግረን አይችልም። የፈረሰ ግንብ እንደገና ይገነባ ይሆናል፤ የተዘበራረቀ አፈር ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቤት ሲሠራ፥ መንገድ ሲጠረግ ወይም ማዕድን ሲፈለግ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው አዝዟል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ደንግጓል። ሆኖም ዶማ የያዘው ሠራተኛ ሕጉን ካላወቀው ምን ይጠቅማል? ሥራዬ ይቆምብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ያገኘውን መልሶ ይደፍነዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ መሠረት ስታስቈፍሩ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ቢወጣ ሥራውን ገታ አድርጋችሁ አስታውቁ። እኛም ነገ መሐንዲሶችና ቀያሾች ስንሆን ከዶማው በፊት ምርመራውን እንድናስቀድም በፊታችሁ ቃል እንገባለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ከዛሬው እንትጋ።