የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና የወጣት ልብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ጤና ጉዳት መናገር ደስታን የሚያደበዝዝ ይመስላል። ነገር ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ነገሩን ዛሬ ማንሣት ይገባናል ብለን ቆመናል።

ከተማችን መቀሌ ከትምባሆ ጋር ያላት ጠብ የቆየ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የአጫሹን ከንፈር፥ ሱረት የሚስበውን ሰው አፍንጫ በመቍረጥ ይቀጡ እንደ ነበር ይተረካል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከተማችን በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን በመከልከል በአገራችን ግንባር ቀደም ሆነች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን፥ እንዲሁም ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትና መሸጥን ከለከለ። ዳሩ ግን ሕግ እያንዳንዱን ኪስ አይፈትሽም። ከመካከላችንም የቀመሱት አሉ፤ ይህን አንሸሽግም።

ጓደኞቻችን «እሳት የለው፥ አመድ የለው፤ እንፋሎት ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቅጠል ስለማይቃጠል የሲጋራ ጢስ ያለበት መርዝ ሁሉ የለበትም። ነገር ግን የሚወጣው የውሃ እንፋሎት አይደለም። ፈሳሹ በባትሪ ኃይል ሲግል እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች፥ እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ መርዞች፥ አንዳንድ ጊዜም የኒኬልና የእርሳስ ብናኝ ይዞ ወደ ሳንባ ይገባል። በአብዛኛው ኒኮቲንም አለበት።

ልባችን ጭብጥ የምታክል ሥጋ ስትሆን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። ኒኮቲን ወደ ደም ሲገባ አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ያስረጫል፤ ያን ጊዜ የልብ ምት ይፈጥናል፥ የደም ሥር ይጠብባል፥ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ልቡ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትደክማለች። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንም እንደሚጎዳ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በአገራችን ደግሞ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልባቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ በተጎዳ ልብ ላይ ይህን ሸክም መጨመር የከፋ ነው።

መሣሪያው ለገበያ ከቀረበ ገና ሃያ ዓመት ቢያልፈው ነው። ስለዚህ የአርባ ዓመት ጉዳቱ ተመዝግቦ አላለቀም። በዚህ ፈተና መፈተኛ የምንሆነው እኛ ወጣቶቹ ነን። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ለኒኮቲን ቶሎ ባሪያ ስለሚሆን፥ «ስፈልግ እተዋለሁ» ያለ ተማሪ ሁሉ አይተውም።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፥ የጢስ ሽታ አልሸተተንም ብላችሁ አትዘናጉ፤ የፍራፍሬ ሽታም ይጠየቅ። መምህራኖቻችን ሆይ፥ የተያዘውን ተማሪ ከማባረር በፊት አስረዱት፥ ወደ ሐኪምም ምሩት። ጓደኞቻችን ሆይ፥ የጀመራችሁ ዛሬ ተዉት፤ ኒኮቲን ሲቋረጥ የልብ ምት ወደ መጠኑ መመለስ ይጀምራልና። ያልጀመራችሁ አትጀምሩ።

ትምህርት ቤታችን የሚኮራው በሕንጻው ዕድሜ ሳይሆን ጤነኛ ልብ ይዘው በሚወጡ ልጆቹ ነው።