ያለ ዲግሪ የፕሮግራም ሠሪነት፤ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ



የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ ከደመወዙ ቀጥሎ የሚያነበው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን መስመር ነው። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪነት በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ በዚህ መስመር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያም የጥቂት ዓመታት የሥራ ልምድ ነው። ይህን መስመር በየመሥሪያ ቤቱ ከሚያረቁትና ከሚያጸድቁት ሰዎች መካከል የዚህ ማኅበር አባላት ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ሙያውን በግል ጥረቱ ብቻ የተማረ፣ ዲግሪ የሌለው ጀማሪ እንዴት ሥራ ሊያገኝ ይችላል የሚለው ጥያቄ የጀማሪው ብቻ ሳይሆን የቀጣሪውም ጥያቄ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ይልቅ በወረታ ጎልቶ ይታያል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ጥቁር አፈር። ሜዳው ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚታወቀው በሩዙ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተገኙበት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ሲሞከር፣ ቀድሞ ሩዝ ዘርቶ የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ገበሬው ሩዝን የተማረው የጎረቤቱን ማሳ አይቶ፣ ዘር ተበድሮ፣ ተሳስቶና አርሞ ነው፤ የምስክር ወረቀት የጠየቀውም የለም።

ይህ ማነጻጸሪያ ግን ከልኩ እንዲያልፍ አያስፈልግም። የሩዝ ማሳ በመንገድ አላፊው ሁሉ ዐይን ይታያል፤ ደካማው ከጠንካራው በቅጽበት ይለያል። ፕሮግራም እንደዚህ አይደለም። ጥሩውም መጥፎውም በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት መስሎ ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ መዝገቡ ሲበዛ፣ ወይም ያልተጠበቀ ቁጥር ሲገባበት ነው። ቀጣሪው ዲግሪ የሚጠይቀው በክፋት አይደለም፤ ሥራውን አይቶ ሊመዝነው ስላልቻለ፣ ሌላ ተቋም በእርሱ ምትክ አይቶለት እንደሆነ ለማወቅ ነው። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ ካልተነሡ ለጀማሪው የሚሰጠው ምክር ሁሉ «በርታ» ከማለት አያልፍም።

ዲግሪ የሌለው ወጣት ቁጥሩ ስንት ነው ቢባል፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት መልስ ይሰጣል። ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም የሚበዛው ወጣት ከበሩ ውጭ ቀርቷል። ከእነዚህ መካከል ኮምፒዩተርን በራሱ ለመማር የሚነሣ ቢኖር ሰነፍ ስለሆነ ነው የቀረው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የመማሪያው ነገር እንደ ቀድሞው ብርቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርትን፣ የአንድሮይድ ሥራን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን በነጻ ያቀርባል። መልካም ጅምር ነው። ሆኖም በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው የታሰበ የምስክር ወረቀት አንዱን አመልካች ከሌላው ሊለይ አይችልም፤ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወጣት ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ከብዙ ቅሬታ ይድናል። በሌላ በኩል በነጻ የቀረበው ትምህርት በመስመር ላይ የሚገኝ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል በብዙ ቦታ ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ትምህርቱን ሊቀጥል የቻለው አስቀድሞ መጻሕፍቱንና ማብራሪያዎቹን በስልኩ ወይም በዲስክ ያከማቸ ሰው ብቻ ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተራ ስልክ ላይ ያለ መስመር ይሠራል፤ ኪዊክስ የሚባለውም ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና መሰል ማመሳከሪያዎችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። በወረታ ለሚኖር ተማሪ ይህ ትርፍ ነገር ሳይሆን የዝግጅቱ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ይሥራ? ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በየትምህርቱ መጨረሻ የሚታዘዘውን፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የሠራውን የመለማመጃ ፕሮግራም ነው። ቀጣሪ ይህን ሲያይ ምንም አላየም። በፎገራ ግን ማንም ያልሠራው፣ ሆኖም ማንም ሊመዝነው የሚችል ሥራ ደጅ ላይ አለ። አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት እንውሰድ። ገበሬው ያልተፈለፈለ ሩዙን ያመጣል፤ ይመዘናል፤ ይፈለፈላል፤ ከአንድ ኩንታል በአብዛኛው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሩዝ ይወጣል፤ ከቀረው ቅርፊትና ፉርሽካ ይገኛል፤ የመፈልፈያው ዋጋ በእጅ ይከፈላል ወይም በዱቤ ይያዛል። ይህ ሁሉ በደብተር ሲጻፍ የትኛው ቀን ማሽኑ ብዙ ሩዝ እንደሰባበረ፣ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ ገጽ ሲገልጡ መዋል ነው። ይህን ደብተር ወደ ፕሮግራም የለወጠና ባለቤቱ አንድ የመኸር ወቅት የተጠቀመበት ወጣት፣ በእጁ ያለው ከምስክር ወረቀት የሚበልጥ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የፕሮግራም ዕውቀት የሌለው የመፈልፈያው ባለቤት እንኳ ሒሳቡ ትክክል መሆን አለመሆኑን ሊመሰክር ይችላል።

እንዲህ ያለው ሥራ ቀላል መስሎ ሲጀመር ውስጡ የሚያስተምረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ቀን መቁጠሪያው አለ። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ጳጉሜንን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢያስገቡለት ፌብሩዋሪ 30 የለውም ብሎ ይመልሳል። ይህስ ደኅና ነው፤ ስሕተቱን ይናገራል። የባሰው መስከረም 5 ቀን 2017ን 5/1/2017 ብሎ ሲያስገቡለት ነው፤ ጃኑዋሪ 5 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ መዝገቡም ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 እንደምትሆንና ተከታዩ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 እንደሚውል የማያስታውስ ፕሮግራምም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይሳሳታል። ሁለተኛው ስም ነው። የቤተ ሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ለእኛ አይሆንም፤ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አይደለምና። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ተብሎ በሦስት ሰው እጅ የተጻፈው አንዱ ገበሬ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ነው፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ለፍለጋ ብቻ አንድ ሆነው እንዲቆጠሩ ካልተደረገ ዕዳው በሦስት ይከፈላል። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ጧት አንድ ሰዓት የተባለው በማሽኑ 7 ነው። አራተኛው መብራት ነው፤ በመዝገቡ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ እንዳይቀር ማድረግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እነዚህን የፈታ ሰው ስለ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩም ያውቃል፤ ይህ ሁለተኛው ዕውቀት ደግሞ ከየትኛውም የውጭ ትምህርት አይገኝም።

እዚህ ላይ ያለፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የኮምፒዩተር ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉት ነገር ግን ነበራቸው። ፊደላችን ዓለም አቀፋዊ በሆነው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ከአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ተነሥታ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ገና በልጅነቷ የፕሮግራም ሥራ ጀምራለች። ሁለቱም ልዩ ሰዎች ናቸውና ሁሉም እንደ እነርሱ ይሁን ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ሥራው ከወረቀቱ ቀድሟል።

ከወረታ ተነሥቶ ለውጭ ኩባንያ በርቀት መሥራትም የብዙ ወጣቶች ሕልም ነው። አይቻልም ማለት አይገባም፤ ቢሆንም ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። በአሜሪካ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 በሺዎች ለሚቆጠሩ የመንግሥት ሥራዎች የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቁን ትቷል፤ ብዙ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሐርቫርድ የወጣ ጥናት በዚህ ለውጥ ምክንያት ያለ ዲግሪ የተቀጠረው ከ700 ቅጥር አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገምቷል። ማስታወቂያው ተለወጠ፤ የመራጩ ልማድ ግን አልተለወጠም። በዚህ ላይ ፕሮግራም የሚጽፈው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳመለከቱት በአሜሪካ ከ22 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኙ የሶፍትዌር ሠራተኞች ቅጥር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። ቀላሉን ሥራ ማሽኑ ወስዶታል። የመፈልፈያ ቤቱን ደብተር ቁጭ ብሎ ማየት፣ ባለቤቱን መጠየቅ፣ ያልተናገረውን መረዳት ግን እስካሁን የሰው ሥራ ነው።

በአገር ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመለክት ሰው ያለ ወረቀት አያልፍም፤ የሥራ መደቡ ራሱ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። ለዚህ አንድ በር አለ፤ የሚያውቀው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ የሙያ ብቃት ምዘና ዕውቀቱን በመደበኛ ትምህርት ላገኘው ብቻ ሳይሆን፣ በሥራ ላይና በግል ጥረት ላገኘውም ክፍት እንዲሆን ደንግጓል። የዌብና የዳታቤዝ ሥራ ምዘና ከሚሰጥባቸው ሙያዎች አንዱ ነው። በግሉ የተማረ ወጣት ሥራውን ይዞ ለምዘና ቢቀርብ የሚያገኘው ማረጋገጫ ዲግሪ ባይሆንም በመንግሥት ዘንድ የሚታወቅ ወረቀት ነው። መዛኙ ያልተማርክበት ኮሌጅ ወዴት ነው እያለ እንዳይመልሰው መከታተል ግን የሙያ ማኅበራትም ሥራ ነው።

የግል ቀጣሪ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለው። ለአመልካቾች ሁሉ፣ ዲግሪ ላለውም ለሌለውም፣ አንድ ዓይነት የደብተር ገጽ ይስጥ፤ በገጹ ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም፣ የጎደለ ቀን፣ ከተመዘነው በላይ የወጣ ሩዝ ይኑርበት። ግማሽ ቀን ሰጥቶ ሒሳቡን የሚያወጣ ፕሮግራም ያሠራ። ከዚያም ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይለውጥ፤ ዋጋው በኩንታል መሆኑ ቀርቶ በተፈለፈለው ኪሎ ይሁን ይበል። መጀመሪያ የጻፈውን ሳያፈርስ የሚለውጠውንና የተሳሳተውን ቁጥር አይቶ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውን ለማወቅ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ አያስፈልግም። የተመረጠውንም በአንድ ጊዜ ለዘለቄታው መቅጠር የለበትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል።