አሮጌ ፓተርን በኢንተርኔት መሸጥ፦ ከስፌት ጠረጴዛችን የተማርነው

(የስፌት ክፍሉ አባላት በማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ያቀረቡት ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ኢንተርኔት ሽያጭ ንገሩን» ሲለን መጀመሪያ ተሳስቀናል። ከአራታችን ንግድ የተማረ አንድም ሰው የለም። ሁለታችን እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ልብስ ስናሳጥርና ስናጠብ ነው የምንውለው። አንዷ ጡረታ ወጥታለች፤ አራተኛዋ ሥራዋን ካጣች ጀምሮ የቤት ኪራይዋን የምትሸፍነው በከፊል ከዚህ ጠረጴዛ በምታገኘው ነው። ስለዚህ የምንነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘነውን ሳይሆን ተሳስተን የተማርነውን ነው።

ፓተርን ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ እናስረዳ። አገር ቤት ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ ሰፊው በሜትር ይለካናል፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ጨርቁን በሳሙና ቁራጭ ያሰምርና ይቆርጣል። ወረቀት የሚባል ነገር በመሀል የለም። እዚህ አሜሪካ ግን ሴቶች ቤታቸው ሆነው እንዲሰፉ የልብሱ እያንዳንዱ ክፍል በስስ ወረቀት ተሠርቶ፣ ከመመሪያው ጋር በፖስታ ውስጥ ሆኖ ይሸጣል። ኤበኔዘር በተሪክ የተባለ የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን መሸጥ የጀመረው በ1863 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።) ማኮልስ በ1870 ተከተለ፤ ሲምፕሊሲቲ በ1927 መጣ። አያቶች የሰፉበት ያ ወረቀት ዛሬም በየምድር ቤቱ በካርቶን ተቀምጦ ይገኛል። አሮጊቷ ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ ወይ ይጥሉታል፣ ወይ ለእንደኛ ዓይነቱ ማኅበር ይሰጡታል።

የሚገዛው ማነው? ይህን ጥያቄ እኛም ጠይቀናል። የድሮ ልብስ ለብሰው የሚደንሱ ወጣቶች አሉ፤ ለቲያትር ልብስ የሚያዘጋጁ አሉ፤ የፖስታውን ሥዕል ብቻ ወደው የሚሰበስቡ አሉ። ከሁሉም የሚበዙት ግን ሱቅ ያለው ልብስ አልሆን ብሏቸው ለራሳቸው የሚሰፉ ሴቶች ናቸው።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንሂድ። ኤትሲ ላይ ሱቅ የከፈትን ሰሞን ሥራውን ቀላል አድርገነው ነበር። ፖስታውን ፎቶ እናነሳለን፤ «ቆንጆ የድሮ ፓተርን፣ ሙሉ» ብለን እንጽፋለን፤ አለቀ። ውስጡን ከፍቶ የሚያይ አልነበረም። ጥሩ ስለመሰለን ከማኅበሩ መቋቋሚያ ገንዘብ ላይ ለማስታወቂያ ከፈልን። ማስታወቂያው ሰው አመጣልን፤ ሰው አይቶ ሄደ።

ከዚያ አንዲት ሴት የ1950ዎቹን ቀሚስ ፓተርን ገዛችን። ለልጇ ምርቃት ልትሰፋላት ነበር። ጨርቁን ገዝታ፣ ደረቱንና እጅጌውን ቆርጣ ወደ ጉርዱ ስትደርስ የኋላው ጉርድ ወረቀት የለም። ምርቃቱ ሊደርስ ቀናት ነው የቀሩት። አንድ ኮከብ ሰጥታን ሁለት መስመር ጻፈች። መስመሮቹን እዚህ አንደግማቸውም፤ ግን እውነት ነበሩ።

ያን ማታ በስልክ ተጣላን ማለት ይቻላል። አንዳችን «የድሮ ዕቃ መሆኑን እያወቀች ነው የገዛችው» ብላ ልትመልስላት ፈለገች። ሌላዋ ሱቁ ይዘጋ አለች። የቤት ኪራይዋ ያሳሰባት እህታችን ግን ምንም ሳትናገር ቆይታ «እኔ ሰፊ ነኝ፤ ያ ጨርቅ ተበላሽቶ ቢሆን እኔም እንዲሁ እጽፍ ነበር» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ገንዘቧን መለስንላት፤ ይቅርታ ጠየቅናት፤ ያለንን ሁሉ እስክንቆጥር ድረስ ሱቁን ዘጋነው።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። እያንዳንዱ ፓተርን መመሪያው ላይ የቁራጮቹ ሥዕልና ቁጥር አለ፤ ያንን እያዩ አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ሙሉ ብለን ካስቀመጥናቸው ውስጥ አሥራ አንዱ ጎደሎ ሆነው አገኘናቸው። ኮሌታ የሌለው፣ ኪስ የሌለው፣ አንዱ ጭራሽ የሌላ ፓተርን ቁራጭ የገባበት። አፈርን።

ልንጥላቸው ስንል ጡረተኛዋ ከለከለችን። «ጎደሎ ነው ብለን እንሽጠው፤ ምን እንደጎደለ እንጻፍ» አለች። አሥራ አንዱንም በርካሽ ዋጋ አወጣናቸው፤ ርዕሱ ላይ ጎደሎ መሆናቸውን፣ ከሥሩም የጎደለውን ቁራጭ ቁጥርና ስም ጻፍን። ከሙሉዎቹ ቀድመው ተሸጡ። ኮሌታ የሌለውን የገዛችው ሴት «ኮሌታ እኔ ራሴ እሥላለሁ» አለችን። አንዷ ደግሞ እሷ ዘንድ ያለው ያው ፓተርን ሲሆን የጠፋባት እጅጌው ነበር፤ የእኛ ግን እጅጌ ነበረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማስታወቂያ አንድ ሳንቲም አላወጣንም። ገዢዎች የሚፈልጉት የተጻፈውን አምነው መቀስ ማንሳት እንደሆነ ገባን፤ አሁን የምንሠራው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

ርዕሱን እንዴት እንደምንጽፍ እንንገራችሁ። «ቆንጆ»ን አወጣነው፤ ቆንጆ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ገዢዋ የምትጽፈው የኩባንያውን ስም፣ የፓተርኑን ቁጥር፣ ዘመኑን፣ የልብሱን ዓይነትና የደረት ልኩን ነው፤ ስለዚህ እኛም እነዚህን ከፊት እናስቀድማለን። ለፍለጋ የሚረዱ ቃላት ማስገቢያ አሥራ ሦስት ቦታ አለ፤ አንዱንም ባዶ አንተውም። እንግሊዝኛችን አጭር ነው ብላችሁ የምታፍሩ እህቶች ካላችሁ፣ እዚህ ሥራ ላይ አጭር መሆኑ ነው የጠቀመን። «ደረት 34። ሙሉ። ተቆጥሯል። ፖስታው በጎን ተቀዷል።» ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የልክ ነገር ግን ብዙ ያስቸግራል፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፖስታው ላይ 14 ቁጥር ተጽፎ ካያችሁ አትመኑት። የ1950ዎቹ መጀመሪያ 14 ቁጥር ለ32 ኢንች ደረት ነበር። ከ1956 በኋላ 14 ማለት 34 ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኩባንያዎቹ እንደገና ቀየሩትና 36 ሆነ። ዛሬ ሱቅ ገብታ 14 የምትለብስ ሴት የድሮውን 14 ገዝታ ብትሰፋ አይዘጋላትም፤ ጥፋቱን ደግሞ በእኛ ላይ ነው የምታደርገው። ስለዚህ ደረት፣ ወገብና ዳሌ በኢንች ከፖስታው ጀርባ ገልብጠን እንጽፋለን፤ በሴንቲሜትርም እንጨምራለን፤ ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች አሉና። «ከመግዛትሽ በፊት ራስሽን ለኪ» የሚል መስመርም አለን። ይህን መስመር ከጨመርን ወዲህ አልሆነኝም የሚል መልእክት በጣም ቀነሰ።

ዘመኑንም በግምት አንጽፍም። ማኮልስ ብዙ ጊዜ ዓመቱን ራሱ ያትማል። ሌሎቹ ላይ አድራሻውን እናያለን፤ ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥር፣ ዚፕ ኮድ የሚሉት፣ ካለው ከ1963 ወዲህ ነው፤ ቁጥሩ የመጣው በዚያ ዓመት ነውና። ወረቀቱ ላይ ጽሑፍ ሳይኖር የተበሱ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉበት ደግሞ የቆየ ነው፤ ጀማሪ ሰፊ እንዳትደናገር ያንንም እንናገራለን። የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የፓተርን መዝገብ አለው፤ በእሱ የሚያመሳክሩ ሰዎች አሉ። እርግጠኛ ካልሆንን «1960ዎቹ ይመስላል» እንላለን። ኤትሲ «ቪንቴጅ» ብሎ የሚቀበለው ቢያንስ 20 ዓመት የሞላውን ነው፤ የ1990ዎቹ ፓተርኖችም ስለሚገቡ አትጣሏቸው፤ ልጆቻችን እየፈለጓቸው ነው።

ፎቶ፦ መስኮት አጠገብ፣ ጠዋት፣ ያለ መብራት። የፖስታው ፊት፣ የፖስታው ጀርባ፣ መመሪያው፣ የተዘረጉት ቁራጮች፣ በመጨረሻም ጉዳቱ። ቅዳጅ ካለ ጣታችንን አጠገቡ አድርገን እናሳያለን። የሲጋራ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው እንጽፈዋለን፤ ፎቶ አይሸትምና። ያልተቆረጠና ከፋብሪካው እንደታጠፈ ያለ ከሆነ ግን አትዘርጉት! ፋክትሪ ፎልድ ይሉታል፤ ዋጋው እዚያ እጥፋት ላይ ነው። አንዴ ደስ ብሎን ዘርግተን፣ መልሰን ለማጠፍ አንድ ሰዓት ታግለን አልቻልንም።

ከሱቁ ውጭ የምናስተዋውቀው በሁለት ቦታ ነው። ኢንስታግራም ላይ አጭር ቪዲዮ እንለቃለን፤ እጅና ወረቀት ብቻ፣ ስሱ ወረቀት ሲዘረጋ የሚያሰማው ድምፅ። ይወዱታል፤ ግን በሁለተኛው ቀን ይረሳል። ፒንተረስት ላይ የለጠፍነው ፎቶ ግን ከወራት በኋላም ገዢ ያመጣልናል፤ እዚያ የሚገቡት ወደፊት የሚሰፉትን የሚያቅዱ ሰዎች ናቸውና። ጊዜ ለሌላት እህት አንዱን ብቻ ምረጪ ብንባል ፒንተረስትን እንላለን። የፌስቡክ የስፌት ቡድኖችም አሉ፤ ብዙዎቹ ሽያጭ ይከለክላሉ፤ ሕጉን ሳታነቡ አትለጥፉ። እኛ እዚያ የምንገባው የሰዎችን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ «ይህ ምልክት ምንድን ነው» የሚል አይጠፋም። ሰፊዎች ስለሆንን መልሱ አለን። ሱቃችንን ጠይቀው የሚመጡ አሉ።

ሰው የሚሰፋው ከወቅቱ ቀድሞ መሆኑንም አንርሳ። የበጋ ቀሚስ በመጋቢት መውጣት አለበት። የሃሎዊን ልብስ ደግሞ በነሐሴ።

የገንዘቡን ነገር ለጋሾቻችን ማወቅ ስላለባችሁ በግልጽ እናስቀምጠው። አንድ ፓተርን ለመለጠፍ 20 ሳንቲም ይከፈላል፤ ለአራት ወር ይቆያል። ሲሸጥ የመላኪያውን ጨምሮ ከጠቅላላው 6.5 በመቶ ይወስዳሉ፤ ለክፍያ ማስተላለፊያ ደግሞ 3 በመቶና 25 ሳንቲም። በ14 ዶላር ሸጠን፣ ለመላኪያ 5 ዶላር ብናስከፍል፣ ታክሱን ሳንቆጥር 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያህል ይሄዳል። ኤትሲ በሌሎች ድረ ገጾች በሚያስተዋውቀው ሲሸጥ ተጨማሪ 15 በመቶ አለ፤ ሽያጩ በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች የሆነ ትንሽ ሱቅ ግን ይህን መዝጋት ይችላል። እኛ ዘግተነዋል። ከተረፈው ላይ ግማሹ ለቆጠረችውና ለላከችው፣ ግማሹ ለማኅበሩ ነው። በ4 ዶላር የሚሸጥ ፓተርን ድካማችንን አይከፍልም፤ እንደዚያ ያሉትን አምስት አምስት አድርገን በአንድ ጥቅል እንሸጣለን።

አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁን፦ ኮፒ አድርገን ለምን አንሸጥም? ወረቀቱን ራሱን መሸጥ የእኛ መብት ነው፤ ንድፉን አባዝቶ መሸጥ ግን የባለቤቱን መብት መንካት ሊሆን ይችላል። ማኅበሩን ለዚያ አናጋልጥም።

ያቺ አንድ ኮከብ የሰጠችን ሴት ምን ሆነች? ገንዘቧን ከመለስን በኋላ ስንቆጥር የኋላው ጉርድ ሌላ ፖስታ ውስጥ ተገኘ። በነፃ ላክንላት። ምርቃቱ ግን አልፎ ነበር። ኮከቧንም አልቀየረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በሚቀጥለው ክረምት ግን የአንድ ቀሚስ ፎቶ ላከችልን፤ ቢጫ፣ ባለ አበባ፤ ልጅቷ ለብሳው በረንዳ ላይ ቆማ። ፎቶውን አትማችሁ ለጥፉት የሚሉ ነበሩ፤ ሳናስፈቅድ አይሆንም ብለን ሳጥናችን ውስጥ አስቀምጠነዋል። ማየት የምትፈልጉ ኋላ ጠረጴዛችን ጋ ኑ።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው፦ ካርቶኑን ስታመጡልን እባካችሁ አታጽዱት። የተበታተነ ቁራጭ፣ የተቀዳደደ መመሪያ፣ በእርሳስ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉንም አምጡት፤ የጎደለን ቁራጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ሥር ነው። የእናታችሁ ስም ፖስታው ላይ ተጽፎ ከሆነና እንዲሸጥ ካልፈለጋችሁ ንገሩን፤ ለይተን እንመልስላችኋለን።

ለአባላት ደግሞ፦ አሁን ያልተቆጠሩ ሦስት ካርቶኖች አሉን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንጀምራለን። መስፋት የማትችሉም ኑ፤ ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ቡናውን እኛ እናፈላለን። መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ጽሑፉ በጣም ትንሽ ነው።