በኢንተርኔት ለሚነግድ ሰው ስለሚያስፈልገው ልዩ ልዩ ሙያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተመራቂ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ንግድ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ጉዳዩ ለበዓል የማይስማማ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው በር ባይከፈትልን በምን እንጀራ እንበላለን ብለን መጠየቃችን ስለዚህ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎች «በኢንተርኔት እንነግዳለን» ይላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ስልክ መነካካት ብቻውን ነጋዴ ያደርጋል ማለት ግን ስሕተት ይመስለናል።

ለምሳሌ የሽሮ ሜዳን የአገር ልብስ እንውሰድ። በዋሽንግተን የምትኖር አንዲት እኅት ለፋሲካ ቀሚስ ልታዝዝ ፈለገች እንበል። በገበያ ቢሆን ጨርቁን ገልብጣ፣ በጣቷ አሽታ፣ ተከራክራ ትገዛ ነበር። አሁን ግን ዓይንም እጅም የሚሆኗት የሻጩ ቃልና ሥዕል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሻጩ የጥለቱን ቀለም ሳይለውጥ በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ርዝመቱንና የደረቱን ስፋት በሴንቲሜትር ለክቶ አጥርቶ መጻፍ አለበት። መምህሮቻችን ስለ ድርሰታችን የሚቆጡን (እጅግም ይቆጡናል!) በከንቱ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። ቀሚሱ ከሸማኔው በ4,000 ብር ተገዝቶ በ5,000 ብር ቢሸጥ፣ 1,000 ብር ተገኘ ብለን እንደሰታለን። ነገር ግን ለጥልፍ 400፣ ለማሸጊያ 100፣ ለታክሲ 150፣ ለኢንተርኔት 100 ብር ቢወጣ፣ የፖስታውን ዋጋ ገዢዋ ብትከፍል እንኳ የሚተርፈው 250 ብር ነው። ከአሥር ቀሚስ አንዱ ልኩ አልሆነም ተብሎ ቢመለስና ሌላ ገዢ ባያገኝ፣ የዘጠኙ ትርፍ 2,250 ብር ለዚያ ለአንዱ የወጣውን 4,750 ብር አይሸፍንም። መዝገብ የማይጽፍ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። በሴንቲሜትር መለካቱም ከሒሳቡ ጋር ምን ያህል እንደ ተያያዘ ልብ ይሏል።

ሕጉም አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል፤ የንግድ ፈቃድና ግብርም አይቀሩም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባገር ውስጥ ገንዘብ መቀበል ቀልሏል። ወደ ውጭ አገር ዕቃ ለመላክ ግን ባንክና ጉምሩክ ሄዶ ሳያፍሩ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለማፈርም አንድ ሙያ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው አይችለውም የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። አማዞንን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመው ጄፍ ቤዞስ እንኳ ፕሮግራሙን የጻፉለት ሌሎች ነበሩ። ሆኖም ከየሙያው ጥቂት የማያውቅ ሰው ባልንጀራው ሥራውን በደንብ መሥራቱን በምን ይለያል?

ስለዚህ አስተዳደሩን አንድ ነገር እንለምናለን፤ የኮምፒዩተሩ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተከፍቶ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የሚያስተምረን አንድ መምህር ይመደብልን። ክፍሉን የመጥረጉንና የመጠበቁን ሥራ በተራ እኛው እንይዛለን።